መነሻው ላልታወቀ ካንሰር የትኛው የዘረመል ምርመራ? ከመክፈልዎ በፊት የሚነበብ ማወዳደሪያ

አንድ ማለዳ ሥራ ሳልጀምር አንድ ወጣት በሩ ላይ ቆሞ ወረቀት ዘረጋልኝ። የእናቱ የፓቶሎጂ ውጤት ነው። በብብታቸው ሥር ካበጠው ንፍፊት የተወሰደው ናሙና ካንሰር እንደሆነ፣ ዓይነቱም አዴኖካርሲኖማ (ፈሳሽ ከሚያመነጩ ሕዋሶች የሚነሳ) እንደሆነ ይናገርና «መነሻው አልታወቀም» ብሎ ይዘጋል። ቀጥሎ ስልኩን አሳየኝ። አሜሪካ ያለች እህቱ በቴሌግራም አራት የምርመራ ስሞች ልካለች፤ ከሥራቸው «የፈለገው ይሁን፣ እኔ እከፍላለሁ፣ ብቻ ቶሎ ምረጡ» ይላል።

«እህቴ፣ የትኛውን ልበላት?»

እዚህ ሀዋሳ ሥራዬ ከሕሙማን የተወሰደን ሥጋ በሰም ውስጥ አድርጎ መቁረጥና ማቅለም ነው። ይህን ጥያቄ በልዩ ልዩ መልኩ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። መሬቱን ሊሸጥ ያሰበ ጠይቆኛል፤ የዕቁብ ዕጣ እንዲያስቀድሙለት የለመነም ጠይቆኛል። ሕክምናውን የሚወስነው ኦንኮሎጂስቱ፣ ማለትም የካንሰር ሐኪሙ ነው። ቤተሰቡ ግን ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ቢያውቅ ገንዘቡም ጊዜውም ይተርፍለታል፤ ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው። የልጁና የእናቱ ማንነት እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ።

## በሽታው

ካንሰር ከተነሳበት አካል ወደ ሌላው ሲዛመት አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ይታወቃል። ጉበት ላይ የተገኘው ዕጢ ከአንጀት የመጣ ነው፣ አጥንት ላይ ያለው ከፕሮስቴት ነው ይባላል። ከ100 የካንሰር ሕሙማን ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ግን ሲቲ ስካኑም፣ ኢንዶስኮፒውም፣ ማሞግራፊውም ተሠርቶ የመጀመሪያው ዕጢ አይገኝም። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ «ሐኪሙ አላወቀውም» ብሎ ወደ ሌላ ሐኪም ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ሌላ። ሐዘኑ ይገባኛል። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ሕሙማን ካረፉ በኋላ አስከሬናቸው በተመረመረባቸው ጥናቶች ከአራቱ በሦስቱ ገደማ መነሻው ተገኝቷል፤ በብዛት የተገኘውም ሳንባና ቆሽት ውስጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ በጣም ትንሽ ሆኖ። በሕይወት እያሉ በየትኛውም ፎቶ ላይታይ ይችል ነበር።

በእኛ አገር አንድ ሌላ ነገር አለ። አንገት ወይም ብብት ላይ ያበጠ ንፍፊት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ቋንቋችንም ራሱ «ነቀርሳ» እያለ ሁለቱንም ይጠራል። ስለዚህ ናሙና ሳይወሰድ የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮ እብጠቱ ካልቀነሰ ወራት እስኪያልፉ አትጠብቁ፤ ናሙና ይወሰድ በሉ።

ወደ ዘረመሉ ስንመጣ፣ ለዚህ ካንሰር ብቻ የተለየ አንድ ጂን የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት 200 ናሙናዎች ተመርምረው ቲፒ53 የተባለው ጂን በ55 በመቶው፣ ኬራስ በ20 በመቶው፣ ሲዲኬኤን2ኤ በ19 በመቶው ተበላሽቶ ተገኝቷል። እነዚህ ሦስቱ በሳንባም፣ በአንጀትም፣ በቆሽትም ካንሰር ውስጥ ይበላሻሉ። «ጂኑ ከታየ መነሻው ይታወቃል» የሚለው ተስፋ ብዙ ጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው።

መናኸሪያ ሄዳችሁ ሰው ሲያወራ ስሙ። ሀዋሳ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ሰውየው ሃያ ዓመት ቢቀመጥባትም ሁለት ቃል ሲናገር የወላይታ ይሁን የጎጃም ዘዬው ያሳብቅበታል። ካንሰርም ጉበት ላይ ሄዶ ቢሰፍርም የመጣበትን አካል ዘዬ አይተውም። ከምርመራዎቹ አንዳንዶቹ ይህን ዘዬ የሚያዳምጡ ናቸው። ሌሎቹ ከየት መጣ የሚለው አያሳስባቸውም፤ ሕዋሱን ያለ ልክ የሚያባዛው የትኛው ጂን እንደሆነና የሚያስቆመው መድኃኒት መኖሩን ነው የሚፈልጉት። የቴሌግራሙ ዝርዝር ሁለቱን ዓይነት ቀላቅሎ ነበር።

## በምን እንመዝናቸው?

ስሞቹን ከማየታችን በፊት መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ።

- የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል? «ከየት መጣ?» ነው ወይስ «ምን ያንቀሳቅሰዋል?»
- ያለን ናሙና ይበቃዋል? በቀጭን መርፌ የተወሰደ ጠብታና በወፍራም መርፌ የተወሰደ ቁራጭ እኩል አይደሉም።
- መልሱ ሕክምናውን ይለውጣል? መድኃኒቱስ ይገኛል? እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው።
- ሕሙማን ላይ ተፈትኖ ጥቅም አሳይቷል? መነሻውን መገመት ብቻውን ዕድሜ አይጨምርም።
- ስንት ቀን ይወስዳል፣ ዋጋውስ? ሰውነቱ እየደከመ ላለ ሰው አንድ ወር ትልቅ ነገር ነው።

## ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ (ልዩ ማቅለሚያ)

ከሁሉ ርካሹና ቅርቡ ይህ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚዘለውም ይህንኑ ነው፣ ስሙ «ጂን» ስለማይል። የሚያየው ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲኑ ግን የጂኑ ሥራ ውጤት ነው።

ናሙናው ከተቀበረበት የሰም ቁራጭ፣ ብሎክ ከምንለው ላይ፣ ከ3 እስከ 4 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ገለባ እቆርጣለሁ፤ ከፀጉር ብዙ እጥፍ የቀጠነ። ለብ ባለ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ይዘረጋል፣ በስላይድ አነሳዋለሁ። ከዚያ አንድን ፕሮቲን ብቻ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመርበታል። ፕሮቲኑ ካለ ሕዋሱ ቡናማ ይሆናል፣ ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል።

ፓቶሎጂስቱ መጀመሪያ የሚያዝዘው ብዙውን ጊዜ ሲኬ7 እና ሲኬ20 የሚባሉትን ነው። እነሱ አቅጣጫ ይጠቁማሉ፤ የሚቀጥሉት ያጠባሉ። ቲቲኤፍ-1 ወደ ሳንባና ታይሮይድ፣ ሲዲኤክስ2 ወደ አንጀት፣ ጋታ3 ወደ ጡትና ፊኛ፣ ፓክስ8 ወደ ኩላሊት፣ ኦቫሪና ታይሮይድ፣ ኤንኬኤክስ3.1 ወደ ፕሮስቴት ያመለክታሉ። አንገት ላይ ላለ ስኳመስ ካንሰር (ከሽፋን ሕዋሶች የሚነሳ) ፒ16 የተባለው ፕሮቲን ከቀለመ ጥርጣሬው ወደ ቶንሲልና ምላስ ሥር ይሄዳል፣ ከኤችፒቪ ቫይረስ ጋር ተያይዞ። የኤፕስታይን ባር ቫይረስ ዘረመል ከተገኘበት ደግሞ ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ጉሮሮ ይፈተሻል።

የዚያ ልጅ እናት ብሎክ ላይ ሲኬ7 ቀለመ፣ ሲኬ20 ባዶ ወጣ። ጋታ3 የሕዋሶቹን ኒውክሊየስ ቡናማ አደረጋቸው፤ የኢስትሮጅን ተቀባዩም እንዲሁ። ማሞግራፊያቸው ንጹሕ ነበር። ሆኖም ካንሰሩ በብብት ንፍፊት ብቻ የተወሰነና አዴኖካርሲኖማ የሆነባት ሴት፣ ጡቷ ላይ ምንም ባይገኝም እንደ ጡት ካንሰር ሕመምተኛ እንደምትታከም በዓለም አቀፍ መመሪያዎች የታወቀ ነው። የኢስትሮጅን ተቀባይ ስላለው ታሞክሲፈን ይሠራል፤ ታሞክሲፈን ደግሞ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ፣ ርካሽ ክኒን ነው። እህቱ ልትከፍልላቸው ከነበሩት አራት ምርመራዎች አንዱም አላስፈለገም።

ሁሉም እንዲህ አይወጣም። ካንሰራቸው የታወቀ አቅጣጫ የሚይዝላቸውና የተሻለ ተስፋ ያላቸው ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ናቸው። የቆሽት፣ የሐሞት ቧንቧና የጨጓራ ካንሰሮች በማቅለሚያ እጅግ ስለሚመሳሰሉ ልዩ ማቅለሚያው እዚያ ይደክማል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እመክራለሁ፦ ብሎኩ ካላለቀ ኤምኤልኤች1፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6 እና ፒኤምኤስ2 የተባሉት አራቱ እንዲቀለሙ ጠይቁ። እነዚህ የዲኤንኤ ጥገና ፕሮቲኖች ናቸው። ከአራቱ አንዱ ከጠፋ ካንሰሩ ለኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ ለሚያነቃቃ ሕክምና) ሊመልስ ይችላል፣ በቤተሰቡ ውስጥም የሚተላለፍ ችግር ሊኖር ይችላል። በአራት ስላይድ ዋጋ የዘረመል መልስ ማግኘት ነው።

## የጂን አገላለጽና የሚታይሌሽን ምርመራ

ዘዬውን በጥልቀት የሚያዳምጡት እነዚህ ናቸው። አንደኛው ከአርኤንኤ (ከጂኖች ከሚቀዳው መልእክት) ላይ የትኞቹ ጂኖች እንደሚናገሩና እንደሚዘጉ ይለካል። ሁለተኛው ዲኤንኤው ላይ የተለጠፉ ሚታይል የሚባሉ ኬሚካላዊ ምልክቶችን ያነብባል። ምልክቶቹ የሕዋሱን ትውልድ ይዘው ስለሚቆዩ ይህኛው አስገራሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከ216 ሕሙማን በ188ቱ (87 በመቶ) ላይ መነሻውን ሊተነብይ ችሏል።

ትንበያው ግን በሽተኛውን ይጠቅማል ወይ? እዚህ ላይ ጥናቶቹ ይጋጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ጃፓኖች ባሳተሙት ጥናት በተተነበየው መነሻ መሠረት ከታከሙት አንድ ዓመት የኖሩት 44 በመቶ፣ የተለመደውን ኬሞ ከወሰዱት ደግሞ 54.9 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከሻንጋይ የወጣው የ182 ሕሙማን ጥናት ደግሞ በ90 ጂኖች ትንበያ የተመሩት በሽታቸው ሳይባባስ 9.6 ወር፣ ሌሎቹ 6.6 ወር እንደቆዩ አሳየ። ሦስት ወር ለታማሚው ብዙ ነው፤ አላቃልለውም። ይሁን እንጂ ጥቅሙ የመጣው ለተተነበየው ካንሰር የሚሆነው መድኃኒት በእጅ ስለነበረ ነው። በእኛ ሁኔታ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው ወደዚያው የተለመደ ኬሞ፣ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል፣ ስለሆነ ይህን ከወረፋው ኋላ አስቀምጠዋለሁ። ናሙናውም ወደ ውጭ መላክ አለበት።

## ሰፊ የዕጢ ጂን ምርመራ (ኤንጂኤስ)

በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን ያነብባል። ዋና ጥያቄው «ምን ያንቀሳቅሰዋል?» ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ለመነሻውም ፍንጭ ይሰጣል። የሲጋራ ጭስ በዲኤንኤ ላይ የሚተወው አሻራ አለ፤ የፀሐይ ጨረር የሚተወው ደግሞ ሌላ ነው። የጭስ አሻራ ሳንባን፣ የፀሐይ አሻራ የቆዳ ካንሰርን ያስጠረጥራል።

ይህ ምርመራ ክብር ያገኘው በመድኃኒቶቹ ምክንያት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ፔምብሮሊዙማብን ካንሰሩ ከየትም ይምጣ የዲኤንኤ ጥገናው ለተበላሸበት ሰው ፈቀደ። በ2018 ላሮትሬክቲኒብ ለኤንቲአርኬ ውህደት (ጂኑ ከሌላ ጂን ጋር ሲጣበቅ)፣ በ2022 የዳብራፌኒብና ትራሜቲኒብ ጥምር ለቢራፍ ቪ600ኢ ለውጥና ሴልፐርካቲኒብ ለሬት ውህደት፣ በ2024 ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን ሄር2 የተባለው ፕሮቲን በማቅለሚያ አጥብቆ ለቀለመበት ካንሰር ተከተሉ። መነሻው ላልታወቀ ሰው ትልቅ በር ተከፈተ፤ የካንሰሩን አድራሻ ሳያውቁ መታከም ተቻለ።

በ2024 የታተመው ኩፒስኮ የተባለው ጥናት መጀመሪያ ኬሞ ወስደው በሽታቸው ጋብ ያለላቸውን 436 ሕሙማን ለሁለት ከፈለ። በጂን ውጤት የተመሩት 6.1 ወር፣ በኬሞ የቀጠሉት 4.4 ወር በሽታቸው ሳይባባስ ቆዩ። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

በማስታወቂያዎች ላይ «85 በመቶ ሕሙማን ሊታከም የሚችል የጂን ለውጥ አላቸው» የሚል ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ከላይ ከጠቀስኩት የ2015 ጥናት የመጣ ነው፣ ሐሰትም አይደለም። «ጠቃሚ ሊሆን የሚችል ለውጥ» የተገኘበት ሰው ሁሉ ግን መድኃኒት አያገኝም። በጣም የሚጠቅሙት ለውጦች፣ ኤንቲአርኬና ሬትን የመሳሰሉት፣ ብርቅ ናቸው። ብዙ የሚገኘው ቲፒ53 ሲሆን ለእሱ እስካሁን የተፈቀደ መድኃኒት የለም። መድኃኒቶቹ በአገራችን በቀላሉ አይገኙም፤ ሲገኙም በየወሩ የሚከፈል ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ከምርመራው በፊት ይነጋገር፦ «ውጤቱ መድኃኒት ቢያሳይ ለስድስት ወር ልንገዛ እንችላለን?» መልሱ «አንችልም» ከሆነ ያ ገንዘብ ለኬሞው፣ ለምግቡና ለሕመም ማስታገሻው ቢውል እመርጣለሁ።

## የደም (ፈሳሽ) ባዮፕሲ

ከደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን የካንሰር ዲኤንኤ ይፈልጋል። ብሎኩ ያለቀበት ወይም ዳግም ሊወጋ የማይችል ሰው ቢመርጠው ተገቢ ነው። ሦስት ነገር ልብ በሉ። ደሙ ሕዋስን በሚያቆይ ልዩ ቱቦ ካልተቀዳ በመንገድ ይበላሻል፤ በተራው ቱቦ የተቀዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፕላዝማው ካልተለየ ለዚህ ምርመራ አይሆንም። ዕጢው ዲኤንኤ ካላፈሰሰ ውጤቱ ባዶ ይሆናል፣ ያ ግን ካንሰር የለም ማለት አይደለም። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ ከደም ሕዋሶቻቸው የመነጨ ለውጥ የካንሰሩ መስሎ ሊታይ ይችላል።

## የሚወረስ ጂን ምርመራ

ይህ የሚያየው ሰውየው ይዞት የተወለደውን ዲኤንኤ ነው፤ ከደም ወይም ከምራቅ ይሠራል። የጡትና የኦቫሪ ካንሰርን የሚያስከትሉት ብራካ 1 እና 2 የተባሉ ጂኖች እንዲሁም የአንጀት ካንሰርን የሚያስከትለው ሊንች የሚባለው ችግር ዋነኞቹ ናቸው። ለታማሚው አንዳንዴ፣ ለልጆቹ ግን ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ መነሻው ባልታወቀ ካንሰር የታመመ ሰው ዘመዶች ላይ የሳንባ፣ የኩላሊትና የአንጀት ካንሰር በዛ ብሎ እንደሚታይ የስዊድን የቤተሰብ መዝገብ ጥናቶች አሳይተዋል። በቤተሰቡ በወጣትነት የታመመ ሌላ ሰው ካለ አስቡበት። «የዘር በሽታ አለባቸው» እንዳይባል የሚደብቁ ቤተሰቦችን አውቃለሁ፤ ውጤቱ ግን ለሐኪሙና ለቤተሰቡ ብቻ የሚነገር ነው።

## በአንድ እይታ

| ምርመራ | የሚመልሰው ጥያቄ | ናሙና | ጊዜ | ወጪ | ሕክምና የመለወጥ ዕድሉ እዚህ |
|---|---|---|---|---|---|
| ልዩ ማቅለሚያ | ከየት መጣ፤ በከፊል ምን ያንቀሳቅሰዋል | ትንሽ ቁራጭ | ቀናት እስከ ሳምንት ገደማ | ዝቅተኛ | ከሁሉ የተሻለ |
| የጂን አገላለጽ፣ ሚታይሌሽን | ከየት መጣ | መካከለኛ፣ ጥራት ይፈልጋል | ሳምንታት፣ ከመላኪያው ጋር | ከፍተኛ | ዝቅተኛ |
| ኤንጂኤስ | ምን ያንቀሳቅሰዋል | መካከለኛ፣ ካንሰር የበዛበት | ከ2 እስከ 4 ሳምንትና መላኪያ | በጣም ከፍተኛ | መድኃኒቱ ከተገኘ ብቻ |
| የደም ባዮፕሲ | ምን ያንቀሳቅሰዋል | ደም በልዩ ቱቦ | 1 እስከ 2 ሳምንትና መላኪያ | በጣም ከፍተኛ | መድኃኒቱ ከተገኘ ብቻ |
| የሚወረስ ጂን | ለቤተሰቡ ምን ይተላለፋል | ደም ወይም ምራቅ | ሳምንታት | መካከለኛ | ለዘመዶች ጠቃሚ |

## ለማን የቱ?

አቅም ጠባብ ከሆነ፦ ልዩ ማቅለሚያ፣ በተራ፤ መጀመሪያ አራት አምስት፣ ከዚያ እንደ ውጤቱ። አጥንቱ ላይ ለተዛመተበት ወንድ ፕሮስቴትን የሚጠቁመው የፒኤስኤ የደም ምርመራ ይጨመር። ደረቱ ወይም ሆዱ መሐል ዕጢ ላለበት ወጣት ወንድ ኤኤፍፒ እና ቤታ ኤችሲጂ የተባሉት የደም ምርመራዎች ይታዘዙለት፤ ይህ በኬሞ ሊድን የሚችል የጀርም ሴል (ከዘር ሕዋሶች የሚነሳ) ካንሰር ሊሆን ይችላልና እንዲህ ያለ ወጣት ሳይመረመር መቅረት የለበትም።

ውጭ አገር ደጋፊ ዘመድ ካለ፦ ማቅለሚያው አቅጣጫ ካልሰጠና ታማሚው ቆሞ የሚሄድ፣ ኬሞ የሚችል ከሆነ ኤንጂኤስ ይሻላል። ከጂን አገላለጽ ምርመራ አስቀድሙት። ኬሞውን ግን ውጤቱ እስኪመጣ አታቁሙት፤ ኩፒስኮም ቢሆን የጀመረው በኬሞ ነው።

ታማሚው አልጋ ላይ ከዋለ፦ የትኛውንም ውድ ምርመራ አልመክርም። ሕመሙን በሞርፊን መቆጣጠር፣ ውሃ የቋጠረ ሆድን ማስተንፈስ፣ ከልጆቹ ጋር ማሳረፍ ይቀድማል።

ታማሚው ወጣት ከሆነ ወይም ዘመዶች ከታመሙ፦ የአራቱ ጥገና ፕሮቲኖች ማቅለሚያ፣ ከዚያ የሚወረስ ጂን ምርመራ።

## ናሙናው ከተበላሸ ምርጫው ከንቱ ነው

አንድ ጊዜ ከአንድ ክሊኒክ የመጣ ቁራጭ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ሁለት ቀን ቆይቶ ደረሰኝ። ክዳኑን ስከፍት ሽታው ነገረኝ። ስቆርጠው ተበጣጠሰ፣ ሳቀልመው ሁሉም ነገር ደብዛዛ ሆነ። ታማሚዋ ዳግም መወጋት ነበረባቸው፤ ያን ቀን «እንደገና ኑ» ማለት ከብዶኝ ነበር።

ናሙናው እንደወጣ 10 በመቶ በተዘጋጀ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፣ ፎርማሊኑ ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን፣ ከ6 ሰዓት ሳያንስ ከ72 ሰዓት ሳይበልጥ ይቆይ። በቀጭን መርፌ ብቻ የተወሰደ ከሆነ «ሴል ብሎክ (ሕዋሶቹ ተሰብስበው በሰም የሚቀበሩበት) ይሠራልን ወይስ በወፍራም መርፌ ይወሰድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከአጥንት የተወሰደ ናሙና በጠንካራ አሲድ ከለሰለሰ ዲኤንኤው ይጠፋል፤ ለጂን ምርመራ የሚፈለግ ከሆነ ኢዲቲኤ በተባለው ለዘብተኛ ኬሚካል እንዲለሰልስ ከመወሰዱ በፊት ይነገር።

ብሎኩን ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ልትወስዱ ስትረከቡ፣ ላዩ ላይ ያለው ቁጥር ከውጤት ወረቀቱ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን እዚያው አይታችሁ ፈርሙ። ከአንድ በላይ ብሎክ ካለ ካንሰሩ የበዛበት የትኛው እንደሆነ ፓቶሎጂስቱን ጠይቁና አንዱ እዚህ ይቅር። የውጤቱን ሙሉ ቅጂ አብራችሁ ያዙ፣ የትኞቹ ማቅለሚያዎች እንደተሠሩ ካልታወቀ ሌላው ቤት ደግሞ ይሠራቸውና ቁራጩ ያልቃል። 275 ኪሎ ሜትሩን በመኪና ስትሄዱ ከመስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፤ ሰም ነውና ይለሰልሳል። በጥጥ ጠቅልላችሁ በቦርሳ ያዙት።